ሦስተኛውን ውል ከመፈረማችን በፊት ቤታችን ውስጥ ምን መኖር አለበት?

ጠባሴ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። በአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ የማኅበሩ ስም ይቅር። ባለሙያ ስላችሁ ክፍል ሙሉ ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ አንድ ነኝ። የፕሪንተር ቀለም ሲያልቅ የምጠራው እኔ፣ መብራት ሲጠፋ የምጠራው እኔ፣ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ፎቶ አልልክ ሲልም የምጠራው እኔ ነኝ። ስድስት ሺህ ገደማ አባላት አሉን። ከዋናው ቢሮ ሌላ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በመሐል ሜዳ ቅርንጫፎች አሉን።

የአባላቱን ካርድና የቁጠባ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለት ጊዜ ወድቀናል።

የመጀመሪያው በ2011 ዓ.ም. ነበር። አንድ ጎበዝ ልጅ ብቻውን ፕሮግራም ጻፈልን። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነበር፤ ገንዘብ ያዦቹ እስከ ዛሬ ያነሱታል። ልጁ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ውጭ ሄደ። የሰርቨሩ የይለፍ ቃል፣ የምንጭ ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ)፣ የወለዱ አሰላል፣ ሁሉም አብሮት በረረ። ስምንት ወር ያህል በስልክ እየለመንነው ኖርን፤ እኛ በጠዋት ስንደውል እሱ ገና ተኝቷል።

ሁለተኛው ጊዜ «ከግለሰብ ጋር አንገባም» ብለን ከአዲስ አበባ ድርጅት አመጣን። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ከፈልን። ሥራው ሲዘገይ ደግሞ ሥራ አመራር ኮሚቴው አምስት ተማሪዎች ለመረጃ ማስገባት ቀጠረ፤ እነርሱን ሳሠለጥን የራሴ ሥራ ቆመ። ርክክቡ ሰኔ 28 ቀን 2015 ተፈረመ። ለምን ሰኔ 28? በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና ለጠቅላላ ጉባኤው «ተጠናቋል» የሚል ሪፖርት ስለተፈለገ ነው። ፊርማው ላይ የእኔም እጅ አለበት።

ከዚያ ጳጉሜን መጣች። ሶፍትዌሩ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። የዚያን ዓመት ጳጉሜን ደግሞ ስድስት ነበረች፤ የስድስቱን ቀን ሒሳብ በሙሉ ነሐሴ 30 ብለን መዘገብን። ይህን እንደምንም ተሻገርነው። በየካቲት 2016 የመጣው ግን የባሰ ነው። መሐል ሜዳ ላይ አንዲት እናት የብድር ክፍያቸውን በመጨረሻው ቀን፣ የካቲት 30 ይዘው መጡ። ኮምፒውተሩ «የተሳሳተ ቀን» አለ፤ የካቲትን እንደ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ስለሚቆጥረው ለእርሱ 30 የለውም። (የካቲት 29ን ግን ተቀብሏል፤ 2016 ለአራት ስለሚካፈል በፈረንጅ ስሌት ሠግር ዓመት (ፌብሩዋሪ 29 ቀን የሚሆንበት) መስሎት።) ገንዘብ ያዧ መጋቢት 1 ብላ አስገባችና ካርዱ ላይ በእርሳስ «30» ብላ ጻፈች። በወሩ መጨረሻ ሶፍትዌሩ እናቲቱ ላይ የአንድ ቀን መዘግየት ቅጣት ጻፈባቸው። ብሩ ትንሽ ነው። እርሳቸው ግን ከገጠር ድረስ ተመልሰው መጥተው፣ የቁጠባ ደብተራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «እኔ ቀኔን አሳልፌ አላውቅም» አሉ። ያንን ቀን አልረሳውም።

አሁን ሥራ አስኪያጁ «ለሦስተኛ ጊዜ ከመዋዋላችን በፊት ድርጅታችን ምን ምን አቅም ሊኖረው እንደሚገባ በሁለት ገጽ ጻፍ» ብለውኛል። ሰርቨር፣ ጄኔሬተር፣ ፈጣን ኢንተርኔት፣ ሥልጠና ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። ሁለቱም ጊዜ የወደቅነው ሰርቨር አንሶን አይደለምና። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትጽፋላችሁ?

ዝም አልልም
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 3፡05

ኤክሴል ተጠቀሙና ተገላገሉ።

ባለ መዝገቧ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት 1፡30

@ዝም አልልም፣ ኤክሴሉን ማን ይይዘዋል? አራት ቢሮ ውስጥ አራት ኤክሴል ሲኖር የትኛው ነው እውነተኛው? በእርሱ አልፈን መጥተናል።

ወንድሜ ጠባሴ፣ እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በሒሳብ ሹምነት ሠርቻለሁ። የቀደድከውን ወረቀት ደግ አድርገህ ቀድደሃል። እኔ የምጽፈው አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ከዕለት ሥራው ነፃ የማውጣት አቅም።

እኛ ዘንድ (የእኛም ስም ይቅር) አዲሱ ሲስተም ሲመጣ «ለሦስት ወር በወረቀትም በኮምፒውተርም ጎን ለጎን ሥሩ፤ ወር በገባ ቁጥር አመሳክሩ» ተባልን። አሳቡ ትክክል ነው፤ ሌላ መንገድም የለውም። ነገር ግን ማንም ተጨማሪ ሰው አልሰጠንም። ገንዘብ ያዧ ቀን ሰው ታስተናግዳለች፣ አመሻሹ ላይ ሁሉንም እንደገና ታስገባለች። በመጀመሪያው ወር ልዩነቱ 140 መስመር ነበር፤ አንድ በአንድ ፈለግነው። በሁለተኛው ወር ልዩነቱ ዜሮ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ደስ አላቸው፣ አጨበጨብን። በኋላ ስንደርስበት ልጆቹ ደክሟቸው የኮምፒውተሩን ውጤት ወረቀቱ ላይ እየገለበጡ ነበር። ታዲያ ምኑን አመሳከርነው? አልፈርድባቸውም፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ፕሮጀክት በትርፍ ሰዓት ከተሠራ የሚገኘውም ትርፍራፊ ነው። ከገንዘቡ በፊት «ዋና የሒሳብ ሠራተኛችሁን ለስድስት ወር ትለቅቃላችሁ ወይስ አትለቅቁም?» ብለህ ጠይቃቸው። መልሳቸውን ስትሰማ ፕሮጀክቱ የሚሳካ መሆኑን ታውቃለህ።

ከመገናኛ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቀን 7፡10

አንዱን ወገን ብቻ ሰማን። እኔ የሻጩ ወገን ነኝ፤ አዲስ አበባ ሆኜ እንዲህ ዓይነት ሶፍትዌር ከሚጽፉት አንዱ። የጠባሴን ድርጅት አላውቀውም፤ የካቲት 30ን ሳይሞክሩ ያስረከቡት ሰዎች ግን ሊያፍሩ ይገባል። ይህን ካልኩ በኋላ የእኛንም ስሙልን።

ከዓመታት በፊት፣ ሃያ አምስት ዓመቴ እያለ፣ ለአንድ ማኅበር የወለድ ስሌት እጽፍ ነበር። አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ «ጳጉሜን ላይ ወለድ ይታሰባል ወይስ አይታሰብም?» ዓመቱን በ12 ወር ካካፈልክ ጳጉሜን የለችም። በቀን ካሰላህ ግን አለች፤ በየአራት ዓመቱም አንድ ቀን ትጨምራለች። ቀላል ጥያቄ ነው አይደል? ሥራ አስኪያጁ ሒሳብ ሹሙን ጠይቅ አሉኝ። ሒሳብ ሹሙ መተዳደሪያ ደንቡን እይ አሉኝ። ደንቡን አየሁ፤ «ሥራ አመራር ኮሚቴው በሚወስነው መሠረት» ይላል። ኮሚቴው በወር አንድ ቀን ነው የሚሰበሰበው፤ በመጀመሪያው ወር ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም፣ በሁለተኛው ወር አጀንዳው አልተደረሰበትም። ሰባት ሳምንት ጠበቅኩ። የማስረከቢያው ቀን እየደረሰ ነው፣ የመዘግየት ቅጣቱ በእኛ ላይ ነው። በመጨረሻ አንድ ማታ ራሴ መረጥኩና ጻፍኩት። ማንም አልጠየቀኝም። የሰዎቹን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ገጹ ላይ በመጀመሪያው መስመር ጻፍ፤ ጥያቄ በቀረበ በሦስት ቀን ውስጥ የሚወስን፣ ሲወስንም የማይሻርበት አንድ ሰው። ኮሚቴ አይደለም፤ ሰው።

እና ደግሞ «ፍላጎታችሁን በዝርዝር ጻፉ» የሚል ምክር መምጣቱ አይቀርም። ይምጣ፤ ግን ውፍረት አያታላችሁ። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ለመርማሪዎቹ ያሠራው የመዝገብ ሥርዓት የፍላጎት ሰነዱ ከ800 ገጽ በላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈስሶበት ተጣለ። ሰነዱ ወፍራም ነበር፤ ፍላጎቱ ግን በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር፣ የሚመሩት ሰዎችም እንዲሁ።

መምህሩ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 1፡50

ይህንን ትምህርት ስለማስተምር ትንሽ ልጨምር፤ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ካወራሁ ይቅርታ።

ጠባሴ የነገረን ሁለቱም ውድቀት መልክ አለው። በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ፣ በካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሲ.ኤም.ኤም.አይ የሚባል መመዘኛ አለ። ድርጅትን በአምስት ደረጃ ይከፍለዋል። አንደኛው ደረጃ ላይ ያለ ድርጅት ሥራው አይሳካም ማለት አይደለም፤ ሊሳካለት ይችላል፣ ግን የሚሳካለት በጀግና ነው። ጀግናው ሲሄድ ስኬቱም ይሄዳል። የ2011ዱ ልጅ ይኸው ነው። ሁለተኛው ደረጃ ትሑት ነው፤ አንድን ፕሮጀክት በዕቅድ መያዝ፣ የተፈለገውን መመዝገብ፣ የተለወጠውን ከነምክንያቱ መጻፍ፣ ሻጩን መከታተል። ለእናንተ ይህ ይበቃል። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ የሚላችሁ አማካሪ ከመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

የሚገርመው መመዘኛው መጀመሪያ የተሠራው ሻጮችን ለመለካት መሆኑ ነው። ገዢውም መለካት እንዳለበት ታስቦ ለግዢ የሚሆነው ቅርንጫፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እኛ አገር ጨረታ ስናወጣ የሻጩን የአምስት ዓመት ልምድ፣ የታክስ ክሊራንስና የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ እንጠይቃለን። የራሳችንን ማን ጠይቆን ያውቃል?

ስለ አምስቱ ተማሪዎች፦ የአይ.ቢ.ኤምን ትልቅ የኮምፒውተር ሥርዓት ያሠራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 የጻፈው ነገር ነው። የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው ብትጨምር ይበልጥ ይዘገያል። ምክንያቱን ጠባሴ ራሱ ነግሮናል፤ አዲሶቹን የሚያሠለጥነው የሚሠራው ሰው ነው።

ባለ መዝገቧ ስለ ማመሳከሩ ያነሱትን ነገር አቅልላችሁ እንዳታዩት። ቲ.ኤስ.ቢ የሚባለው የእንግሊዝ ባንክ በሚያዝያ ወር 2018 እ.ኤ.አ. የደንበኞቹን ሒሳብ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሥርዓት በአብዛኛው በአንድ ቅዳሜና እሑድ አዛወረ። 1.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ከሒሳባቸው ተቆለፈባቸው፤ ተቆጣጣሪዎቹም በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ለባንኩ ገንዘብም ባለሙያም አላነሰውም ነበር። ግን አዲሱ ሥርዓት ሳይዘጋጅ ሥራ ጀመረ። አንድ ቅርንጫፍ ይዛችሁ ጀምሩ፤ ደብረ ሲናን በሉት።

ሮቢት ሙቀት
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 2፡15

«ሰርቨር አንሶን አይደለም» ያልከው አልተዋጠልኝም። እናንተ ደጋ ላይ ጋቢ ለብሳችሁ ስለ ደረጃ ታወራላችሁ። እኛ ጋ በሚያዝያ ሙቀት የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ በገበያ ቀን መብራት ይሄዳል፣ ኔትዎርክ ይቆረጣል፣ ደጅ ላይ ሽንኩርት የሸጡ ገበሬዎች ብር ይዘው ተሰልፈዋል። የዚያን ጊዜ ስለ ድርጅታዊ አቅም ንገረኝ!

ባለ መዝገቧ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 2፡40

@ሮቢት ሙቀት፣ እሱም አቅም ነው እኮ። መብራት በሄደበት ሰዓት ገንዘብ ያዡ የሚጽፍበት ተራ ቁጥር ያለው ደረሰኝ መሳቢያው ውስጥ አለ? መብራቱ ሲመለስ ማን ያስገባዋል፣ በየትኛው ቀን ያስገባዋል? ይህ ተጽፎ ካለ መብራት ቢሄድ ሒሳብ አይጠፋም። ካልተጻፈ ጄኔሬተር ቢገዛም ናፍጣው ያለቀ ዕለት ያው ነው።

ሮቢት ሙቀት
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 2፡52

እሺ። ደረሰኙ የለም። እጽፈዋለሁ።

አንኮበሬው ጡረተኛ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት 3፡20

ልጆቼ፣ እኔ ኮምፒውተር ብዙም አልነካም፤ ይህንንም የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ግን ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤትና ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22። አንድ ወንበር የት እንዳለ ከሃያ ዓመት በኋላ መናገር እችል ነበር።

የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የመጣ ጊዜ እኔም የጥናት ቡድን አባል ነበርኩ። ደከምን። የእያንዳንዱን ጉዳይ ጉዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሣልን፤ ባለጉዳይ አሥራ አንድ ፊርማ የሚለምንበትን ወደ ሦስት አወረድን። ከዚያ ቡድኑ ተበተነ፣ ሰነዱ ተጠርዞ ሼልፍ ላይ ወጣ፣ አዲስ ኃላፊ መጣ፣ ፊርማው ቀስ እያለ ወደ ዘጠኝ ተመለሰ። ሦስቱ ፊርማዎች ለምን ሦስት እንደሆኑ የሚያስታውስ ሰው አልነበረማ!

እናንተ ለውሉ መዝገብ አላችሁ? የመጀመሪያው ልጅ ለምን እንደዚያ አድርጎ እንደሠራ፣ ሁለተኛውን ድርጅት በምን ላይ እንደተከራከራችሁት፣ የተጻፈ አለ? ሦስተኛው ሻጭ ሲመጣ ከዜሮ የሚጀምረው እርሱ ነው ወይስ እናንተ?

ጠባሴ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 1፡15

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ሳነብ ፊቴ ቀላ። የተጻፈ የለም። ያለው ውሉ፣ የርክክቡ ቃለ ጉባኤና የእኔ ስልክ ውስጥ ያሉ መልእክቶች ናቸው። ስልኩ ደግሞ የራሴ ነው።

ዛሬ እሑድ ቢሮው ባዶ ስለነበር አንድ ነገር ሞከርኩ። ከካርድ መደርደሪያው አንዱን መሳቢያ አወጣሁና በአሮጌው ዳታቤዝ ውስጥ ሰዎቹን ፈለግኩ። 212 ካርድ ነው። 31 ሰው በካርዱ ላይ ባለው ስም አልተገኘም። አልጠፉም፤ አሉ። ተማሪዎቹ ሲያስገቡ ፊደሉን እንደመሰላቸው ነው የጻፉት። ካርዱ «ኃይለ ሥላሴ» ይላል፣ ኮምፒውተሩ «ሀይለ ስላሴ» ይዟል። ለዓይናችን አንድ ሰው ነው፤ ለማሽኑ ሁለት። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ የመጀመሪያው ፊደል ብቻ በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ በስድስት መልክ ይጻፋል፣ ሥ እና ስ ሁለት፣ ሴ እና ሤ ሁለት። አንዱን ስም ሳናዛባ በ24 መንገድ መጻፍ እንችላለን። ሁለት ሰዎች በዚህ ምክንያት ሁለት ሁለት የአባል ቁጥር አላቸው፤ በአንዱ ይቆጥባሉ፣ በሌላው ተበድረዋል።

@ከመገናኛ፣ የጳጉሜኑን ነገር ሰኞ ሒሳብ ክፍል እጠይቃለሁ። እኛ ዘንድ ግልጽ ይመስለኛል።

ከመገናኛ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 1፡40

የፊደሉ መፍትሔ ሲፈለግ ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ የሚያይ መፈለጊያ መሥራት ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የአባሉን ስም ግን በካርዱ እንዳለ አስቀምጡት፤ ሰው ስሙን እንደጻፈው ነው። ሁለት ቁጥር ያላቸውን ሰዎች ግን ሶፍትዌር አይፈታውም። አባሉን ጠርቶ፣ ደብተሩን አይቶ «ይህኛው ይቅር» የሚል የእናንተ ሰው ያስፈልጋል።

እነዚያን 31 ካርዶች አስቀምጣቸው። ከማንኛውም የፍላጎት ሰነድ ይበልጣሉ።

የጓሳ ልጅ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 4፡00

የመንዝ ሰው ሆኜ ዝም ማለት አልቻልኩም። መሐል ሜዳ ያደገ ሰው ጓሳን፣ የመንዝን የጋራ የሣር መሬት፣ ያውቃል። አያቶቻችን ያንን ሣር ለዘመናት የጠበቁት በአጥር አልነበረም። ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ነበረው፤ ጓሳው ይዘጋ ሲባል ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፣ ማንም ከብቱን አያስገባም፣ ማንም ለክዳን አያጭድም። ሲከፈት ደግሞ የሚከፈትበት ቀን ይታወጃል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩ ወዲያው ምን እንደደረሰበት አባቴ ያወራል። አሁን በማኅበረሰብ ጥበቃ እንደገና ቆሟል።

ጠባሴ፣ ሰኔ 28 የፈረማችሁት ርክክብ ጓሳው ሳይደርስ መክፈት ነው። እናንተ ዘንድ «አልደረሰም» የሚል ሰው አልነበረም፤ ወይም ቢልም የሚሰማው አልነበረም። አንተስ «አልፈርምም» ብትል ምን ይደርስብህ ነበር?

ከመገናኛ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 4፡20

ምሳሌው ያምራል፤ ግን ሣር ተዘግቶ ሲቆይ ያድጋል። ሶፍትዌር ተዘግቶ ከቆየ ይሞታል። በየሁለት ሳምንቱ ከፍታችሁ፣ ለገንዘብ ያዧ አሳይታችሁ፣ አስነቅፋችሁ ነው የሚያድገው። መጨረሻ ላይ ብቻ የሚከፈት ሁሉ ሰኔ 28 ነው።

የጓሳ ልጅ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 4፡31

እሱስ እውነት ነው። ጠባሴ፣ የፊርማውን ነገር ግን አልመለስክልኝም፤ የማን ነው?

ጠባሴ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት 12፡50

«አልፈርምም» ብል አልባረርም ነበር። «ልጁ ሥራ ያጓትታል» እባል ነበር። ለካ እሱን ፈርቼ ነው። ጠረጴዛው ላይ አምስት ሰው ነበር፣ አራቱ ፈርመዋል፣ እስክሪብቶው ወደ እኔ ተገፋ። ሻይ ታዝዞ ነበር። አንድ ጉድለት ልናገር አፌን ስከፍት ሰብሳቢው «ጥቃቅኑ በሂደት ይስተካከላል» አሉ፤ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ።

ሁለት ገጹን ዛሬ ጨርሻለሁ። ሰርቨሩን ሦስተኛ አንቀጽ ላይ አወረድኩት። (ሮቢት ሙቀት እንዳትቀየመኝ፣ ደረሰኙ ሁለተኛ ላይ አለ።)

መምህሩ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቀን 6፡30

ከቻልክ ውሉ ላይ ሦስት ነገር አስገባ። የምንጭ ኮዱና የዳታቤዙ ሙሉ ቅጂ በየወሩ በእናንተ እጅ ይግባ፤ ተከፍቶ እንደሚሠራም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞከር፣ ያልተሞከረ መጠባበቂያ ቅጂ የለም ማለት ነው። የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ክፍያውም በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በተሞከረ ሥራ ላይ ይታሰር። ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም።

ጠባሴ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 2፡10

ቀኑን አይታችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። እሑድም ቢሆን ዛሬ ልጻፍ ብዬ ነው።

የሆነውን ልንገራችሁ። ሥራ አመራር ኮሚቴው ሁለት ገጹን አነበበ። ባለ መዝገቧ ያሉትን ጥያቄ እንዳለ ጠየቅኋቸው፤ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁና የመሐል ሜዳዋ ገንዘብ ያዥ (በእርሳስ የጻፈችው ልጅ) ለስድስት ወር በፕሮጀክቱ ላይ ብቻ እንድትሠራ፣ በእርሷ ቦታ ጊዜያዊ ሠራተኛ እንዲቀጠር ተስማሙ። ሒሳብ ሹሙን አንለቅቅም አሉ። በሦስት ቀን ውስጥ የሚወስነውን ሰው ነገር ደግሞ በግማሽ ተቀበሉት፤ ሥራ አስኪያጁ ይወስናሉ፣ «የፖሊሲ ጉዳይ» ከሆነ ግን ወደ ኮሚቴው ይመጣል። ፖሊሲ የሚባለው ምን እንደሆነ ስጠይቅ እንደ ጉዳዩ ይታያል ተባልኩ። የርክክቡ ፊርማ ላይ ሰብሳቢው ተቆጡ፤ በመጨረሻ ሦስት ፊርማ ሆነ፣ አንደኛው የገንዘብ ያዧ ነው። እርሷ ሳትፈርም ክፍያ አይወጣም።

እርሷና እኔ 40 እውነተኛ ጉዳዮች ከካርድ መደርደሪያው መረጥን። ሁለት ቁጥር ያላቸው ሰዎች፣ የሞተ አባልና ወራሾቹ፣ በመሐል ስሙን የቀየረ ሰው፣ 24ቱ ኃይለ ሥላሴዎች፣ የእናቲቱ የካቲት 30። (የአንድ ቀኑ ቅጣት ተመልሶላቸዋል፤ ይህንንም ጽፈን ፋይሉ ውስጥ አስቀምጠናል። ጋሼ፣ ፋይል ከፍተናል።) ባለፈው ሳምንት ሦስት ድርጅቶች ሥራቸውን ሊያሳዩ መጡ። የሚያምር ሥዕላዊ ማብራሪያቸውን ከመክፈታቸው በፊት ልጅቷ ከመሐል ሜዳ ያመጣችውን ካርድ አውጥታ «እስቲ ይህንን አስገቡልኝ» አለች። የመጀመሪያው ድርጅት የካቲት 30ን አልተቀበለም። ሁለተኛው ተቀበለ፤ ጳጉሜን 3ን ግን መስከረም 3 አደረገው።

ሦስተኛው ሁሉንም አስገባ። የመጣችው ባለሙያ ወጣት ናት፤ አስገብታ ስትጨርስ ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተችና «ጳጉሜን ላይ ወለድ ታስባላችሁ ወይስ አታስቡም?» አለችን።

ሥራ አስኪያጁ ሒሳብ ሹሙን አዩ። ሒሳብ ሹሙ እኔን አዩ። እኔ ከወር በፊት እጠይቃለሁ ብያችሁ የረሳሁት ነገር ትዝ አለኝ። የድሮ ካርዶችን አውጥተን ስናይ ዋናው ቢሮ አያስብም፣ ደብረ ሲና ያስባል። ስንት ዓመት እንደዚያ እንደቆየ ገና እየቆጠርን ነው።

ጉዳዩ የፖሊሲ ነው ተብሎ ወደ ሥራ አመራር ኮሚቴው ተመርቷል። ስብሰባው መጋቢት 15 ነው።

ባለ መዝገቧ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 2፡35

ደብረ ሲና ያስባል ያልከው አልገረመኝም። ምልዓተ ጉባኤ እንዲሞላ ለኮሚቴው አባላት ዛሬውኑ ደውል።

ከመገናኛ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 3፡00

ሲወስኑ መልሱን እዚህ ጻፍልን። ያንን ማታ ብቻዬን የመረጥኩት ትክክል መሆን አለመሆኑን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።